የውሻና የድመት ወዳጆች ሙግት

በቡና ረከቦት ዙሪያና በዕድር ድንኳን ሥር ሰዎች ከሚሟገቱባቸው ነገሮች ሁሉ ቂም ሳያስቋጥር፣ እልባትም ሳያገኝ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ አንድ ሙግት ቢኖር፣ በውሻ ወዳጅና በድመት ወዳጅ መካከል ያለው ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፣ በተለይም ሌሊት የጅብ ድምፅ በሚሰማበት በምዕራቡ ዳርቻ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ጓዳውም የጤፍና የምስር ማኖሪያ የሆነ ቤት ብዙ ስለ ሆነ፣ ውሻውም ድመቷም ለጌጥ ሳይሆን ለአገልግሎት የተሾሙ ናቸው፤ ክርክሩም የማን አገልግሎት ይበልጣል የሚል ነው።

የድመት ወዳጅ ነገሩን ከንጽሕና ይጀምራል። ገላዋን በምላሷ ታጸዳለች፣ ኵሷን በአፈር ትሸፍናለች፣ አይጥን ከእህል ታርቃለች። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ድመት የጠጣችበትን ውሃ ንጹሕ ነው ብለው ስለ ፈረዱ፣ ከነቢዩ ባልንጀሮችም አንዱ አቡ ሁረይራ ቅጽል ስሙን ከድመት ስላገኘ፣ ድመት የሚያሳድጉ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ለዚህ ወገን ብርቱ ጠበቆች ናቸው። ክርስቲያኑም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ለገባች ውሻ በትር እንጂ ምሕረት ስለማያውቅ፣ ሙግቱ ገና ሳይጀመር ድመት የረታች ትመስላለች።

እኔ ግን ከውሻ ወገን ነኝ፤ ምስክሮቼንም ከቅዱሳት መጻሕፍት እጠራለሁ። ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ውሻው አብሮት እንደ ተጓዘ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል፤ ባለጠጋው ዐይኑን የከለከለውን የአልዓዛርን ቍስል የላሱ ውሾች መሆናቸውን ወንጌል ይነግረናል። ቁርኣንም በዋሻ ስለ ተኙት ወጣቶች ሲተርክ፣ በደጃፉ እግሮቹን ዘርግቶ የተኛውን ውሻቸውን አልረሳም። ከጥም የተነሣ እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኀጢአቱ እንደ ተሰረየለት በሐዲስ ይነገራል፤ ድመትን ዘግታ በረኃብ የገደለች ሴት እንደ ተኰነነችም እንዲሁ ይነገራልና፣ ፍርዱ ሁለቱንም እንስሳት የሚጠብቅ ነው።

ጌታው በተኛበት ሰዓት ነቅቶ የሚያድር፣ ዋጋውም ፍርፋሪ የሆነ ፍጥረት ከዚህ የተሻለ ምን ያድርግ? እኛ ግን፣ እንወደዋለን የምንለው ጭምር፣ ቡችሎቹ ሲበዙብን ከቆሻሻ መጣያ ዳር እንጥላቸዋለን፤ በረኃብ ተንከራተው ያደጉት ሲታመሙና ሰው ሲነክሱ ደግሞ መርዝ ይበተንላቸዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የማይገኝለት የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ መተላለፉ እንደሚገታ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል። ይኸው በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ፣ በአገራችን ብቻ የሚኖረውንና ቍጥሩ ከ500 የማይበልጠውን ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ፈጅቶታል። የድመት ወዳጅም ከዚህ ነገር ነጻ ነኝ አይበል፤ የታመመ ውሻ የነከሳት ድመት ደዌውን ይዛ ከልጆቹ ጋር ልትተኛ ትችላለችና።

የዚህን በሽታ ክትባት ለዓለም ያበረከተው ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ዕለት በየዓመቱ ይታሰባል፤ ዕለቱም በእኛ አቈጣጠር መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ነው። የሁለቱም ወገን ወዳጆች ሆይ፣ ደመራው ከነደደ በኋላ ባለው በዚያ ቀን ውሻውንም ድመቷንም ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ አስከትቡ፤ የተነከሰ ሰው ካለም ቍስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።