ፎቶ ያልተነሳንበት ጀጎል

«ሐረር ድረስ ሄዳችሁ አንድ ፎቶ እንኳን የለም?»

ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ጥያቄው ግን አልቆመም። ቢሮ ይጠይቁኛል፣ ቴሌግራም ላይ ይጠይቁኛል፣ እህቴ ደግሞ በግልጽ «ተጣልታችሁ ነው አይደል?» አለችኝ። ሁሉም የሚጠብቀውን ምስል አውቀዋለሁ፦ ጠባብ የጀጎል መንገድ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ መሀል ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትራመድ። እኔም ይህንኑ ፎቶ ጭንቅላቴ ውስጥ አንስቼ ጨርሼ ነው የሄድኩት። እህቴም አልተሳሳተችም፤ ተጣልተናል። ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ስላልመሰለኝ እዚህ ልጽፈው ፈለግኩ። የብዙ እኩዮቼ በሽታ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በአውሮፕላን ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ሽቅብ። ያረፍነው ግንቡ ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ ለእንግዳ ባዘጋጀው የሐረሪ ቤት ነው። ነደባው ላይ አስቀምጠው (እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለው መደብ ማለት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው) የቤቱ እመቤት ቡና አፈሉልን። ሙሽሮች የሚቆዩባትን ትንሿን ክፍል፣ ኪርታትን፣ አሳይተውን «እናንተስ መቼ ነው?» ብለው ሳቁብን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ግርግር አለፍን። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ አሁንም መንገዱ ዳር ተደርድረው ይሰፋሉ። ወደ ውስጥ ታጥፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ ሰማያዊ በር አየሁ። «እዚህ ጋ ቁሚ» አልኳት። አልቆመችም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ልብስ የምታጥብ ሴት ድምፅ ይሰማል።

«የሰው ቤት እኮ ነው» አለችኝ።

«ሁሉም ሰው ይነሳል» አልኩ። ምነው አፌን በዘጋው ኖሮ።

እጮኛዬ ያደገችው ፒያሳ ነው። ቤታቸው በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር አብሮ ፈርሷል፤ ቤተሰቡ አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ልጅ ሆና ግን ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ሙሽሮችና ካሜራ የያዙ ወጣቶች መጥተው እነሱ የእንጨት በረንዳ ሥር ይቆሙ ነበር። እናቷ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ «እማማ፣ ትንሽ ገለል ይበሉልን» ይሏቸዋል።

«ገለል አልን» አለችኝ ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ቆማ። «ፎቶው አለ፤ እኛ የለንም። ሰፈሩ ሲፈርስ ያ ሁሉ ፎቶ አንሺ ‹ውይ ፒያሳዬ› እያለ ለጠፈ። እናቴን ‹የት ገቡ?› ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ግን የለም።»

እኔም ለጥፌ ነበር። ሦስት ፎቶ፣ ከተሰበረ ልብ ጋር።

ከሰዓት በኋላ ሳንነጋገር የራምቦ ቤት የሚባለው ገባን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ውስጥ ኖሮ ነግዷል፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በስሙ የሚጠራውን ባለ ቀለም መስታወት የእንጨት ቤት ግን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ቤቱ ያምራል፣ የድሮ ፎቶዎቹም ማየት የሚገባቸው ናቸው፣ አልክድም። ግን አስቡት፦ ሰውየው ያልኖረበትን ቤት ከፍለን በጥሞና እንጎበኛለን፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት እንደ ባዶ ግድግዳ እናያለን።

ስለ አሮጌ ሰፈር ስንከራከር ሁለት ወገን ነው ያለን። አንደኛው «አፍርሰን አዲስ እንሥራ» ይላል። በእኛ ሙያ ይህን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነበርኩ። ጀማሪ ፕሮግራመር የሌላ ሰው አሮጌ ኮድ ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ «ከዜሮ እንጻፈው» ነው። አንድ ጊዜ የክፍያ ሥርዓት እንደገና ስጽፍ ትርጉሟ ያልገባኝን አንዲት መስመር ተውኳት፤ በወሩ መጨረሻ የአንዳንድ ደንበኞች ሒሳብ ሁለቴ ተቆረጠ። ያቺ መስመር ለካ የሆነ ሰው ተሳስቶ የተማረው ነገር ነበረች፤ ለምን እንደገባች ግን የትም አልተጻፈም። ሰፈርም እንደዚያ ነው። ዕድሩ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ እናት ሥራ ስትሄድ ልጅ የምታይ ጎረቤት፣ አንዳቸውም ፕላን ላይ አይታዩም። ቤተሰቦቹን በየአቅጣጫው ስትበትን ነው መጥፋታቸው የሚታወቅህ።

ሁለተኛው ወገን ግን እኛ ነን፣ የዊኬንዶቹ። «ቅርስ ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ» የምንል። ከአፍራሹ የተሻልን ይመስለናል። እንዳለ ይቀመጥ ስንል ግን ምኑ ነው የሚቀመጠው? በጀጎል መንገዶች ላይ በየበሩ ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ሐረር ለረጅም ጊዜ ውሃ የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደረቀ፣ የከተማዋ ጥም የአገር ወሬ ሆነ። ያው በዚያን ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከተመዘገበበት ምክንያት መካከል መስጊዶቹና ግንቡ ብቻ ሳይሆኑ ነዋሪው ራሱ፣ የቤቱ አሠራርና የአኗኗሩ ባህል አለበት። እኛ ደግሞ ጀሪካኑ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ በእግራችን ገፋ እናደርገዋለን።

«ቱሪስት ገንዘብ ያመጣል» ትሉኝ ይሆናል። ያመጣል፣ ለማን ነው? ጠዋት ገብቶ በር ላይ ተደግፎ ተነስቶ ማታ ከግንቡ ውጭ ሆቴል የሚያድር ሰው ለዚያ በር ባለቤት የሰጠው ሳንቲም የለም። ከግድግዳው በላይ ሰዉ ካሳሰበን ሰፈር ሲታደስ ነዋሪው እዚያው ቤት ያግኝ፣ ከቀለሙ በፊት ቧንቧው ይግባ ብለን መጮህ ነበረብን። ለፒያሳ አልጮህንም። ፎቶ ለጠፍን። ስለ ድሮው ካፌና ኬክ ያወራነውን ያህል ስለ ቀበሌ ቤት ተከራዮቹ አላወራንም፤ እነሱ ደግሞ ብዙዎቹ የእኛው እናቶች ናቸው።

እሁድ ጠዋት ታረቅን። እመቤቲቱ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ቁርስ ላይ አንድ ትሪ አቀረቡልንና ወጡ። ስልኬን ሳላወጣ ድሬዳዋ ደረስን።

ባለፈው ሳምንት እናቷን ልንጠይቅ ኮንዶሚኒየም ሄድን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የፎቶውን ጉዳይ ልጃቸው ነግራቸው ኖሮ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ?» አሉኝ። «የእኛ ቤት ፎቶ የለንም፤ ማን ያነሳዋል ብለን? እነዚያ ሙሽሮች ግን አያጡትም። እስቲ ፈልግልኝ።»

ኢንስታግራም ላይ ማታ ማታ እፈልጋለሁ። እስካሁን በረንዳውን በአራት ፎቶ ላይ አግኝቼዋለሁ። እሳቸው በአንዱም የሉበትም።