የቨርጂኒያ ልክ ለአዋሽ አይሆንም

በስካይላይን አካባቢ ለቆየ ሐበሻ እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2011 የምትረሳ አይደለችም። ከምሳ ሰዓት በኋላ ምድር ስትንቀጠቀጥ ብዙዎች መጀመሪያ የጠረጠሩት ሽብርን ነበር። መነሻው ግን በቨርጂኒያ ሚነራል ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። መጠኑ 5.8 ነበር፤ ንዝረቱ እስከ ካናዳ ተሰማ፤ የዋሽንግተን ሐውልትም ተሰነጣጥቆ እስከ ሜይ 2014 ተዘግቶ ቆየ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 5.7 ያህል የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። በዚያ ሰሞን በተደጋገመው መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተነሣ። ሁለቱም አደጋዎች ከየአገሩ ዋና ከተማ ያላቸው ርቀት ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባ ግን ተወዛወዘች እንጂ የዋሽንግተን ዓይነት ጉዳት አላገኛትም። ለምን?

የምሥራቅ አሜሪካ አለት አሮጌ፣ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፤ ንዝረቱን እንደ ደወል ሩቅ ያደርሳል። የስምጥ ሸለቆው ምድር ሙቅና የተሰነጣጠቀ ነው፤ ከሥሩም የቀለጠ አለት አለ፤ ንዝረቱን መንገድ ላይ ይውጠዋል። ባለሙያዎች መጪውን ንቅናቄ በኮምፒዩተር ሲያስመስሉ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ አለቱ ሲሰበር የሚለቀው ውጥረት ስንት ነው? መንገዱ ምን ያህሉን ይውጣል? ከሕንፃው ሥር ያለው አፈርስ ምን ዓይነት ነው? መልሱን ከቨርጂኒያም ሆነ ከካሊፎርኒያ ብንዋስ በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለበስን ማለት ነው።

ይህ ግን ለመዘናጋት አይደለም። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት፤ ለስላሳ አፈርም ንዝረትን ያጎላል። እ.ኤ.አ. በ1961 የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራርሷል። ምንጩ ቅርብ ሲሆን መንገዱ የሚውጠው ብዙ የለም። ስለዚህ የራሳችንን ምድር የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ቅንጦት አይደሉም።

ነገሩ እኛንም ይነካል፤ አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የምንገዛው በላባችን ዶላር ነው። ስለ ሳሎኑ ስፋት እንጠይቃለን፤ አፈሩ ተመርምሮ እንደሆነ፣ ንድፉ የርዕደ መሬቱን ደንብ ተከትሎ እንደሆነ፣ በግንባታው ወቅት ማን እንደተቆጣጠረው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እዚሁ ስካይላይን እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1973 በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ ተደርምሶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። ምድር አልተንቀጠቀጠችም፤ ኮንክሪቱ በቅጡ ሳይጠነክር ድጋፉ ተነሥቶ ነው። ያለ ርዕደ መሬት እንዲህ ከሆነ፣ ምድር የተነቃነቀች ዕለትማ ምን ይውጠናል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንጠይቅ።