ሯጩን ሳይሆን ውሻችሁን እሰሩ

ለሰፈራችን ነዋሪዎችና ለማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የለጠፍነው መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ለማውጣት አይደለም። እሱ ከጎን በሌላ ወረቀት አለ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነውና ጥላችሁን ይዛችሁም ቢሆን ቆም ብላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ያንብቡላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር አሥራ አንድ ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ለማኅበራችን ገባ። «ማኅበሩ ይህን ሰውዬ አንድ ነገር ይበልልን» ይላል። ሰውዬው ሁላችሁም የምታውቁት አባላችን ነው። ስሙን እዚህ አንጠራም፤ ልጆቹ «ጋሼ ሚዛኑ» የሚሉት፣ ቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የሚሠራው ነው። ሀምሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ የሱብሂ አዛን ሲሰማና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል፣ ከቤቱ ወጥቶ ይሮጣል። የአዌቱን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጅሬን ዳገት ይወጣል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አባ ጅፋር ግቢ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። ዝናብ ቢዘንብም ይሮጣል። ጥፋቱ ይኸው ነው።

ማመልከቻው ሦስት ክስ አለው። አንደኛ፣ ለልጆች አባት ነውር ነው ይላል። ሁለተኛ፣ በክረምት በጭቃ መሮጥ የጤና አይደለም ይላል። ሦስተኛ፣ ውሾች እያስጮኸ እንቅልፍ ይነሳናል ይላል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ተነጋግሮበታል። መልሳችንን በተራ እንሰጣለን።

መጀመሪያ ነውር ስለተባለው። ኧረ ለመሆኑ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ቁምጣው ላይ ነው? ረጅም ሱሪ ለብሶ በዚህ በቀይ አፈር ጭቃ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ሱሪው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል። ወይስ ዕድሜው ላይ ነው? እንግዲያው ማሞ ወልዴን እናስታውስ። ማሞ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ ሲያመጣ 40 ዓመቱ ነበር። ምሩፅ ይፍጠር በሐምሌ 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ዓለም ሁሉ በዕድሜው ይከራከር ነበር፤ እሱ ግን እየተከራከሩ ሳሉ ቀድሟቸው ገባ። ቀነኒሳ በቀለ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ ነበር። ታዲያ እነዚህን ስናይ በቴሌቪዥን ፊት «ይበል! ይበል!» እንላለን። የገዛ ጎረቤታችን ሲሮጥ ግን «አብዷል» እንላለን። ሜዳሊያ የሌለው ሰው ላብ ላብ አይደለም እንዴ?

«እነሱ አትሌቶች ናቸው፤ እሱ ግን የሚዛን ሠራተኛ ነው» የሚል እንዳለ እናውቃለን። አዎ፣ ነው። ሜዳሊያም አይጠብቅም። እሱ የሚጠብቀው በአዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ የሚደረገውን ታላቁን ሩጫ ነው። ይህ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ የሚሮጥበት ነው። ማን አንደኛ ወጣ ብሎ የሚጨነቀው ከፊት ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ ሌላው ሕዝብ ለመጨረስ ነው የሚሄደው።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት ጫት ላይ ቁጭ ብሎ ሰውን በማማት የሚውል ጎልማሳ በሰፈራችን ሞልቶ ሳለ፣ «ነውር ነው» ብሎ ማመልከቻ የጻፈበት የለም። እኛም እንቀመጣለን፣ አንዋሽም። ግን የተቀመጠው በሮጠው ላይ ሲፈርም ትንሽ ማፈር አለበት።

ሁለተኛው ክስ ክረምት ነው። «ሰው ከሮጠ በበጋ አይሮጥም ወይ?» ተብሏል። ይህን የጻፈ ሰው የጅማ ሰው መሆኑን እንጠራጠራለን። እዚህ አገር በጋ ማለት ቡና ማለት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ይለቀማል፣ ጀንፈሉ ይሰጣል፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከማና፣ ከሰቃ መኪናው ሌት ተቀን ይገባል። ሚዛን ላይ ያለ ሰው ያን ጊዜ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ሥራው ቀዝቀዝ የሚለው በክረምት ነው። ስለዚህ ሰውዬው ክረምት ላይ የሚሮጠው ስላበደ አይደለም፤ ጊዜ ያለው ያኔ ስለሆነ ነው። የኅዳሩ ሩጫም የሚሠራው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በኅዳር ተነስቶ በኅዳር የሚሮጥ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ገበሬውስ ክረምት ያላረሰውን ጥቅምት ላይ ያጭዳል እንዴ?

አሁን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ፤ የቀን መቁጠሪያ ያለው ያመሳክር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ማሞ ወልዴ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐሱን ያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም በዘመን መለወጫ ዋዜማ! ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩ። ጳጉሜን ላይ ለሚሮጥ ሰው ዋናው ልምምድ መቼ ይሆናል? ሰኔና ሐምሌ ነዋ! የእኛ ሯጮች ስም የተሠራው በክረምት ነው። እኛ ቤታችን ተከተን በቆሎ ስንጠብስ እነሱ ጭቃ ይረግጡ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ለሄርማታ ገበያ ከገጠር የሚመጡትን እናቶች ተመልከቱ። በዚሁ ጭቃ፣ በዚሁ ዝናብ፣ ጀርባቸው ላይ ሸክም አዝለው ስንትና ስንት ሰዓት ይጓዛሉ። እነሱን «አበዱ» ያለ ሰው የለም። ሸክም ስላለባቸው ነው? ለቤተሰብ ሲሉ ጭቃ መርገጥ ካስመሰገነ፣ ለጤና ሲሉ መርገጥ የሚያሰድበው ለምንድን ነው?

ስለ ጤና ካነሳን ዘንድ ይህ ማኅበር ለቅሶም የሚያስተናግድ ማኅበር መሆኑን አትርሱ። ድንኳኑን የምንተክለው እኛ ነን። መዝገቡም እኛ ዘንድ ነው። ደም ብዛትና ስኳር ስንቱን ጎልማሳ፣ ገና ልጆቹን ሳይድር፣ እንደወሰደብን መዝገቡ ያውቃል። ጋሼ ሚዛኑም መሮጥ የጀመረው ታላቅ ወንድሙን ከቀበርን በኋላ ነው። ወንድሙ ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ ጨው የሚያበዛ፣ ደሙን ተለክቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በሠልስቱ ማግስት ይሄው ሰው የሸራ ጫማ ገዝቶ መጣ። ያን ጊዜ የሳቅነው ሁላችን ነን። ኮሚቴው ራሱ ስቋል። ይህን አንደብቅም፤ ዛሬ ይህን የምንጽፈው አንዱም ለዚህ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስብሰባችን ላይ እንዳስረዳችን፣ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ወይም 75 ደቂቃ እንደ ሩጫ ያለ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። መቶ ሃምሳ ደቂቃ በሳምንት ሲከፈል በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ማመልከቻውን ለማስፈረም ቤት ለቤት የዞረው ሰው ያን ቀን የድርሻውን ሳያደርግ አልቀረም፤ ቢቀጥልበት መልካም ነው።

ሦስተኛው ክስ እንቅልፍ ነው። የአንድ ሰው የሸራ ጫማ ኮቴ እንቅልፍ ነሳን ይባላል። ወገኖች! ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ጊዜ እኮ ይህ ሰፈር በጥሩምባና በጭፈራ ሲናወጥ አድሯል። ደስ ብሎን ነበር፤ ማንም አልከሰሰም። ሰው ለሌላው እግር እንዲህ ከጨፈረ ለጎረቤቱ እግር ትንሽ ይታገሥ። ደግሞስ የሚጮኸው ማን ነው? እሱ አይጮኽም። የሚጮኸው ውሻ ነው። ውሻውስ የማን ነው? የፈራሚዎቹ ነው!

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ቀልድ አይደለም። ማመልከቻው በገባ በሳምንቱ፣ ዝናብ እያካፋ ሳለ፣ ከፈራሚዎቹ የአንዱ ውሻ ከተከፈተ በር ወጥቶ ጋሼ ሚዛኑን ባቱ ላይ ነከሰው። የውሻው ባለቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማን ሩጥ አለው!» አለ። ውሻው ስለመከተቡ ሲጠየቅ ዝም አለ። ሰውዬው የእብድ ውሻ ክትባት ቀጠሮ እየቆጠረ ሲመላለስ፣ የመጓጓዣውንም ከኪሱ ሲከፍል፣ ከባለቤቱ «እግዜር ይማርህ» እንኳ አልሰማም። ይህ ከየት የመጣ ጉርብትና ነው? ነገ ያ ውሻ ወደ ሱብሂ የሚሄደውን ሽማግሌ፣ ኪዳን የምትሄደውን እናት፣ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ሕፃን ቢነክስስ? «ማን ስገድ አለው? ማን ተማር አለው?» ሊባል ነው?

ሌላም ጉዳት ደርሷል። በሰኔ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከጋሼ ሚዛኑ ኋላ ኋላ እስከ ድልድዩ መራመድ ጀምረው ነበር። አንደኛዋ ስኳር አለባት፤ ተራመጂ ያላት ሐኪም ነው። ከፊል ጎረምሳ ከጥግ ሆኖ እያፏጨ፣ ከፊሉም ድንጋይ እየወረወረ፣ ሁለቱም ቀሩ። ደራርቱ በ37 ዓመቷ፣ ልጆች ወልዳ፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ ያጨበጨበ ሰፈር፣ የራሱን እናቶች በፉጨት ወደ ቤት መለሰ። ማኅበሩ ለእነዚህ እናቶች እዚህ ላይ በሰሌዳ ይቅርታ ይጠይቃል።

ለፍትሕ ያህል ሯጩንም ሳንናገረው አናልፍም። ጋሼ፣ አንተም ስማ። መብረቅ ሲያጉረመርም ቤትህ ግባ፤ ዛፍ ሥር አትጠለል። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ሲነካ አትሻገር። ጨለማ ላይ ነጭ ልብስ ልበስ፤ የባጃጅ ሹፌር አያይህም። ለቅሶ ድንኳን በተተከለበት በር በኩል ስታልፍ ሩጫህን ትተህ በእርምጃ እለፍ፤ ይህ ብቻ ከማመልከቻው ውስጥ እውነት ሆኖ አግኝተነዋል።

እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው፤

1ኛ. ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። በሰፈራችን መንገድ ላይ መሮጥም መራመድም ለማንም፣ በማንኛውም ዕድሜና ወቅት፣ የተፈቀደ ነው። ለዚህ ፈቃድ ማስፈለጉም ያሳፍራል።

2ኛ. ውሻ ያለው ሁሉ ማታ ግቢውን ዘግቶ፣ ጠዋት እስኪነጋ አስሮ ይያዝ። ያስከትብም። ውሻው ሰው ከነከሰ አትግደሉት፣ አትልቀቁትም፤ አሥር ቀን ታስሮ ይታይ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አይበቃም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

3ኛ. የነከሰው ውሻ ባለቤት የተነከሰውን ሰው የመጓጓዣ ወጪ ይክፈል፤ ሁለት ሽማግሌ ይዞም ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላደረገው ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ እናነሳዋለን፤ ያን ጊዜ ስም ይጠራል።

4ኛ. ክዳኑ የጠፋውን ቦይና መንገድ ላይ የተደፋውን የቡና ገለፈት ቅዳሜ ጠዋት በዘመቻ እናስተካክላለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። ለሯጭ ብቻ አይደለም፤ አስከሬን ተሸክመን የምንወጣውም በዚያው መንገድ ነው።

5ኛ. ልጆቻችሁን ምከሩ። ድንጋይ የወረወረ ልጅ ወላጅ ይጠራል።

ወገኖቻችን፣ ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለሞት ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን፣ ሦስት ቀን ቁጭ ብለን፣ «ምነው ትንሽ በቆየልን!» እንላለን። በሕይወት ያለው ሰው ትንሽ ለመቆየት ብሎ ሲሮጥ ደግሞ ውሻ እንለቅበታለን። ይህ አይያያዝም። ከሞተ በኋላ ከምናለቅስለት ሳይሞት በፊት መንገድ ብንለቅለት ይሻላል።

ሁለቱ እናቶች ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቢመለሱ፣ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች እስከ ድልድዩ አብረዋቸው ይራመዳሉ። ጸሐፊውም አንዱ ነው። መሮጡን ግን ገና አልቻልንበትም፤ ማንም እንዳይስቅብን!

ክረምቱን በሰላም ያስወጣን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው
ጅማ፣ ነሐሴ