ፈረዱላቸው፤ ማን ያስከፍልላቸው?

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። የምጽፈው ግን ለአከራይ ወግኜ ነው። «ምን ነካው?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው አንድ ሰርቪስ ኪራይ ነው። ተከራያቸው የአምስት ወር፣ በወር 6,000 ብር፣ በድምሩ 30,000 ብር ሳይከፍል አንድ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፋ። ከሰሱት። ፈረዱላቸው። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዘው ሲመጡ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው።

ደስታው እዚያው አለቀ። ፍርድ በራሱ ብር አይሆንም፤ ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል። እዚያ ሲደርሱ የገጠማቸው ጥያቄ «የባለዕዳው ንብረት የት ነው?» የሚል ነው። እኚህ ሴትዮ ምን ያውቃሉ? በየትኛው ባንክ እንደሚያስቀምጥ፣ የት ተቀጥሮ እንደሚሠራ፣ የት ሰፈር እንደገባ? ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ይዘው ሲንከራተቱ ጫማቸው አለቀ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአፈጻጸም አሥር ዓመት ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልተከፈለ ገንዘብ ላይ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስባል፤ በ30,000 ብር 2,700 ብር መሆኑ ነው። (የዕቃው ዋጋ በስንት እንደሚጨምር ለምታውቁ ይህ ወለድ ቀልድ ነው። ባለዕዳው ባዘገየ ቁጥር ያተርፋል።)

«ድሃውን ተከራይ ልታስገፍፍ ነው?» ይባላል። ይህን ሙግት አከብራለሁ፤ ግን መልስ አለው። የሰው አልጋውና የሥራ መሣሪያው አይያዝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በወር 4,000 ቢቆረጥበት 8,000 ይዞ ይገባል፤ ዕዳው በስምንት ወር ያልቃል። ይሄ መግፈፍ ነው?

የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት አላስከፍል ሲል አከራዩ ራሱ ዳኛ ይሆናል፦ ውኃ ይቆርጣል፣ በር ይቆልፋል፣ ፍሪጅ ይይዛል። ይህን ያደረገብኝ አከራይ ነበር፤ ያውም ሳይኖርብኝ። ወረቀቱ ቢሠራ ኖሮ ቁልፉን አናየውም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ንብረት የመፈለጉ ሸክም ከአሮጊቷ ትከሻ ይውረድ። ባለዕዳው ቀርቦ ሥራውንና ሂሳቡን በመሐላ ያስመዝግብ። ባንኮችን ፍርድ ቤቱ ራሱ ይጠይቅ፤ ፋይዳ ከባንክ ሂሳብ ጋር እየተሳሰረ ባለበት ዘመን በፖስታ ደብዳቤ ማዞር ምን የሚሉት ነው? ባለዕዳው የለኝም ካለና በእርግጥ ከሌለው ደግሞ፣ እሱም ይታወቅና ሰው ይረፍ።

አከራዮችም የራሳችሁ ጥፋት አለባችሁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይከፈል ይላል። ግብር ለመሸሽ በእጅ ስትቀበሉ ማስረጃችሁን ራሳችሁ እያቃጠላችሁ ነው። ውል ስትፈርሙ የመታወቂያውን ቅጂ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የአንድ ዋስ አድራሻ ያዙ። ከሄደ በኋላ ከመፈለግ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ሳለ መጠየቅ ይቀላል።

እኚያ እናት አሁን የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ። አዋጁ ከሁለት ወር በላይ አይፈቅድም፤ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሕግ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አስተማሪ መጥታ ክፍሏን ወደደቻት። የሁለት ወር ይዛለች፣ የስድስት ወር የላትም። ሄደች። ሰርቪሷ እስካሁን ባዶዋን ናት።