ከቅጽሩ ውስጥ እየሳሳ ያለው ደን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ምእመን ግራና ቀኙን ሲመለከት በአብዛኛው የሚያየው የታረሰ መሬት ነው። በዚያ እርሻ መካከል ግን እዚህም እዚያም ክብ ሆኖ የጠቆረ ደን ይታየዋል። ጉልላቱን ሳያይ፣ ደወሉንም ሳይሰማ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያውቃል፤ ከመኪናው ሳይወርድ አማትቦ ይሳለማል። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የታቦቱን ማደሪያ ለመንገደኛ ከሩቅ ሲያመለክት የኖረው ደኑ ነው።

ስለዚህ ደን ለመጻፍ የተነሣነው ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ዛፍ ብዙ ስለሚነገር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በመላ ሀገሪቱ ሲካሄድ አድባራትና ገዳማት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ችግኝ በመትከል ተሳትፈዋል። መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የሚተከለው ሲቈጠር እንጂ ቆሞ የኖረው ሲቈጠር አንሰማም። አንድ ደብር በሐምሌ አምስት መቶ ችግኝ ተክሎ በጥቅምት ለአዳራሽ መሠረት ሲል ሦስት የወይራ ዛፍ ቢቆርጥ፣ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው አምስት መቶው ብቻ ነው።

ቆሞ የኖረውን ከቈጠሩት ባለሙያዎች ቀዳሚው፣ ብዙዎቻችን በመጻሕፍቶቻቸው የምናውቃቸው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከእነዚህም 160ው ሀገር በቀል ናቸው። ከደኖቹ ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ያህል ነበር። ከቅጽሩ ውጭ ባለው ሜዳ ዝግባን ወይም ጥቁር እንጨትን ፈልጎ ለማግኘት ብዙ መንገድ መሄድ በሚጠይቅበት ሀገር፣ ይህ ሁሉ ዓይነት በሃያ ስምንት አጥቢያዎች ግቢ ተጠብቆ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች የአንድ ሙያ ብቻ አልነበሩም። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሥነ ምህዳር ባለሙያዋ በካትሪን ካርዴሉስ፣ በጂኦግራፊ ባለሙያዎቹ በፒተር ስከልና በፒተር ክሌፒስ፣ በታሪክ ተመራማሪዋም በኢዛቤላ ኦርሎቭስካ አማካይነት ለአንድ ጥያቄ ከየአቅጣጫው መልስ ፈልገዋል፤ ሌላው ሁሉ ሲጨፈጨፍ ይህ ደን እንዴት ቀረ? የዕፅዋት ባለሙያ ዛፉን ይቈጥራል፤ ዛፉን መጥረቢያ ለምን እንዳልነካው ግን ዛፉን በመቍጠር አያውቅም። ያንን የሚያውቁት ካህናቱና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ናቸው።

ጂኦግራፈሮቹ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያዩ። በአካባቢው የነበረው ቍጥቋጦ ወደ እርሻ ሲለወጥ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ግን በአብዛኛው በቦታው ጸንቶ ተገኘ። ከሰባ ዓመት በላይ፣ ያውም ወረራን፣ አብዮትንና ድርቅን ባሳለፈ ዘመን ማለት ነው። የታሪክና የባህል ጥናቱ ደግሞ ምክንያቱን አበው ከሚናገሩት ቃል ውስጥ አገኘው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አርባ ክንድ ያህል የተከበረ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለው ዛፍ የታቦቱ ግርማ፣ የቤተ መቅደሱም ልብስ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። የውጭ ጸሐፊዎች ደኖቻችንን «ቅዱስ ደን» ብለው ሲጠሩ፣ ዛፉ ራሱ የሚመለክ የሚመስላቸው አንባብያን አይጠፉም። ቤተ ክርስቲያናችን ከዛፍ አምልኮ ጋር ስትታገል የኖረች ናት። ዛፉ የተከበረው ታቦቱ ስላለ ነው። አባቶቻችን «የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ» የሚል ቃል አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ደኑ የቆመበት መሠረት የአጥቢያው ሰው ስለ ቅጽሩ ክብር ያለው ግንዛቤ ነው ማለት ነው። ያ ግንዛቤ ሲሳሳ ደኑም ይሳሳል።

እየሳሳ መሆኑን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 ካርዴሉስና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ነው። በደቡብ ጎንደር ባሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሰው እጅ ያወካቸውን ስፍራዎች ለኩ፤ የተመነጠረ ሜዳ፣ መንገድ፣ ሕንፃ፣ አረም፣ ተተክሎ የገባ ዛፍ። ድምሩ 56 በመቶ ደረሰ። ሁከቱ በበዛበት ደን የዛፉ ዓይነትም ብዛትም ያንሳል፤ ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ከሥር የሚበቅለው ቡቃያ መመናመኑ ነው። ከ15.5 ሄክታር በታች በሆኑት ደኖች ለከተማ መቅረብም ሆነ መራቅ በጉዳቱ መጠን ላይ ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ጥፋቱን በከተማ መስፋፋት ማመካኘት አይቻልም። በሩቅ ገጠር ባለች፣ መኪና በማይደርስባት አጥቢያም ያው ነው።

ታዲያ ማን አደረገው? በየአድባራቱ የምናየውን እንናገር። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በጎኑ ሳለ ሰፊ ካቴድራል ይታነጻል። ቀጥሎ የስብከት አዳራሽ፣ ቀጥሎ የእንግዳ ማረፊያ፣ ቀጥሎ የሚከራይ ሱቅ። ክብረ በዓል ሲደርስ ሕዝቡ የሚቆምበት ሜዳ ይሰፋል። መቃብርም አለ፤ ቀድሞ ድንጋይ ተከልሎበት ሣር የሚበቅልበት የነበረው ዛሬ በሲሚንቶና በእምነ በረድ የሚታነጽ ሐውልት ሆኗል። ሲሚንቶ በፈሰሰበት የወይራ ፍሬ ወድቆ አይበቅልም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ጠላት አይደለም። ከልመናው፣ ከስእለቱና ከዓሥራቱ አውጥቶ ለቤተ ክርስቲያን ያደረገ ምእመን ነው፤ እኛ ነን።

የባሕር ዛፉን ነገር በጥንቃቄ እናየዋለን። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይሸጣል። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን የነበራትን መሬት ካጣች በኋላ በብዙ ገጠር አጥቢያዎች ለጧፍና ለዕጣን፣ ለጣሪያ ቆርቆሮና ለካህናቱ ጥቂት ድጎማ የሚገኘው ከባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው። ይህን ሳያውቁ ከከተማ ሆኖ «ባሕር ዛፉን ንቀሉ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ የምንቃወመው ባሕር ዛፉ ነባሩን ደን እየገፋ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ከቅጽሩ ርቆ፣ ደን ባልነበረበት ዳርቻ ቢተከል ለአጥቢያው ገቢ፣ ለጎረቤቱም ማገዶ ይሆናል፤ በነባሩ ደን ላይ የሚያርፈውንም እጅ ይቀንሳል።

ከብትን በተመለከተ መፍትሔው የታወቀ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ከብት እንዳይገባበት የታጠረውን ከብት ከሚገባበት ጋር አነጻጽረው፣ ሲታጠር ዘሩ እንደሚበቅልና ቡቃያው እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ከዚህ በኋላ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር በብዙ አጥቢያዎች የድንጋይ ካብ እንዲታጠር አድርገዋል። ድንጋዩን ያመጣው የአጥቢያው ገበሬ ከማሳው ለቅሞ ስለሆነ እርሻውም ከድንጋይ ተጠርጓል። የምናደንቀው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ካቡ ከብትን ይከለክላል እንጂ ሲሚንቶን አይከለክልም። ሲሚንቶው በበሩ፣ በፈቃድ፣ ያውም በደረሰኝ ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ትምህርትና ወደ አስተዳደር ይመለሳል። የጠቀስናቸው ጥናቶች የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በውጭ ሀገር መጽሔቶች ነው። የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበሩ አላያቸውም፤ አስተዳዳሪውም እንዲሁ። በጥናቱ ወቅት ደኑን ከፍተው ያስገቡ፣ የዛፉን ስም ያስረዱ ካህናት ውጤቱ ለምን አይነገራቸውም? ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ መንፈሳዊ ኮሌጆችም አሉን። ደን አጥኚው ነገረ መለኮትን፣ የነገረ መለኮት ደቀ መዝሙሩም የደኑን ነገር ሳያገኝ ይመረቃል። ተማሪዎቻችን አዳም በገነት እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መቀመጡን (ዘፍ. 2፥15) በትርጓሜ ይማራሉ፤ በቅዳሴም ስለ ዝናሙና ስለ ምድር ፍሬ ጸሎት ሲደርስ ይሰማሉ። ይህን ከራሳቸው ደብር ወይራ ጋር የሚያገናኝላቸው መምህር ግን ብርቅ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ለዚህ የቀረበ ነው። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በዚያው ደን ጥግ ነው፤ ቅኔ የሚቈጥረው በዛፉ ጥላ ሥር ነው። የብራናውን ቀለም ከምን ቅጠልና ከምን ልጥ እንደሚያወጣ የሚያውቅ መምህር፣ ተመራማሪው በመጽሐፍ የሚፈልገውን ስም በቃሉ ይዞታል። ደኑ ሲጠፋ ይህ ዕውቀት የሚያርፍበት ያጣል።

በመንግሥት በኩል ሕግ አልጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፤ የአካባቢ ፖሊሲው ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው የሚመስለን ተከላውን ከነባሩ ደን ጋር ማያያዙ ነው። በየክረምቱ ሀገር በቀል ችግኝ ይተከል ሲባል ዘሩ ከአንድ ቦታ መለቀም አለበት። በሰሜኑ ደጋ የዝግባ፣ የጥቁር እንጨትና የወይራ እናት ዛፎች በብዛት የቆሙት በቅጽራችን ውስጥ ነው። የ2019ኙ ጥናት ታላላቆቹ ዛፎች ለዘር ምንጭነት ይጠበቁ ያለውም ስለዚህ ነው። ችግኝ ጣቢያዎች ከአድባራት ጋር ተዋውለው በሥርዓት ዘር ቢለቅሙና ለአጥቢያው ዋጋ ቢከፍሉ፣ ቆሞ ያለ ወይራ እንደ ባሕር ዛፉ ለጧፍና ለዕጣን የሚተርፍ ገቢ ያስገኝ ነበር።

በእኛ በኩል ደግሞ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በጣና ዳር በዘጌ፣ በአቡነ በትረ ማርያም ስም በጸናው ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም፤ ከብትም አይሰማራበትም። ነዋሪው በደኑ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ኖሯል። ሥርዓቱ በየአጥቢያው ቃል በቃል ይደገም አንልም። ቃለ ጉባኤና ቃል ኪዳን ሲገናኙ ምን እንደሚጠብቁ ግን ያሳያል።

ስለዚህ ሀገረ ስብከቶቻችን ለአዲስ ሕንፃ ፈቃድ ሲሰጡ ከሚጠይቁት ወረቀት ላይ አንድ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፤ በቅጽሩ ውስጥ የቆሙ ነባር ዛፎች አንድ በአንድ የተመለከቱበት ንድፍ። አዳራሹ ከየትኛው ወይራ አጠገብ እንደሚያልፍ፣ አሥር ክንድ ፈቀቅ ቢል ዛፉ ይተርፍ እንደሆነ መሐንዲሱ ለሰበካ ጉባኤው ያስረዳ። የመቃብር ሐውልትም ከአርባው ክንድ ውጭ ይሁን፣ ልኩም ይወሰን። ይህን ለመወሰን የውጭ ባለሙያም ሆነ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ይበቃዋል።