አዲስ ታማሚ ያለበት ቤት

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ያለውን የነርቭ መከለያ ሽፋን ራሱ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል። በምድር ወገብ አካባቢ ብዙም ስለማይታይ በሆሳዕናና በዱራሜ ስሙ እንግዳ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

ቤተሰብን የሚያሳስተው የማይታየው ምልክት ነው፤ ድካም። ጠዋት ገበያ ደርሳ የተመለሰች ሴት ከሰዓት በኋላ ከመቀመጫዋ መነሣት ሊያቅታት ይችላል። ይህን ስንፍና ማለት ግፍ ነው። ሙቀትም ምልክቶቹን ለጊዜው ያባብሳል፤ ስለዚህ እንሰት መፋቁንና የምጣዱን ሥራ ሌላ ሰው ቢይዝላት ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የነርቭ ስፔሻሊስትና የኤምአርአይ ምርመራ ፍለጋ ከሆሳዕና አዲስ አበባ መውጣት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ለቀብር ድንኳን የሚተክል እድር ለሕያው አባሉ የመንገድ ወጪና አጃቢ ቢያዋጣ አይበዛበትም። ጸሎቱ ይቀጥል፤ በሐኪም የታዘዘው መድኃኒት ግን አይቋረጥ። ዓይን በድንገት ቢደበዝዝ ወይም እግር ቢዝል ታማሚውን በዚያው ቀን ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።