ወደ ደቡብ ቻይና ጎረቤታም ከተሞች የሚጓዝ የግብርና ሠራተኛ አስቀድሞ ሊያሰናዳው ስለሚገባው ነገር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዘማች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመንገደኛም ነው። ይልቁንም በመንግሥት ገንዘብ፣ የመንግሥትን ጉዳይ ይዞ ባሕር ማዶ ለሚሻገር የግብርና ሠራተኛ ይህ ቃል እንደ ትእዛዝ ሊቈጠር ይገባል። ከሮቤ፣ ከጎባና ከሌሎችም የባሌ ደጋ ወረዳዎች ለትምህርት ወይም ለእርሻ መሣሪያ ገበያ ወደ ቻይና የሚሄዱ ሰዎች ስላሉ፣ ወደፊትም ስለሚኖሩ፣ ስለ መንገዱ ዝግጅት የሚመስለንን ለክቡራን ሹማምንት ለማቅረብ ወደድን። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ የመንገድ ፍሬ የሚለካው እዚያ በታየው ነገር ብዛት ሳይሆን፣ እዚህ ከቤት ሳይነሡ በተሰናዳው ነው፤ ከዝግጅቱም ሁሉ የሚበልጠው ለአገር እርሻ ጥፋትን ይዞ እንዳይመለሱ መጠንቀቅ ነው።

የባሌ ሰው ከሮቤ ተነሥቶ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጎባ ሲገባ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም፤ በሮቤ የተቀበለውንም ብር በጎባ ገበያ ይገዛበታል። በደቡብ ቻይና ያሉትን ጎረቤታም ከተሞች ግን በዚህ ዐይን የሚያይ ሰው እጅግ ይሳሳታል። ሼንዠን ከሆንግ ኮንግ ጋር፣ ጁሃይም ከማካው ጋር አጥር ለአጥር ናቸው፤ የቀድሞዎቹ መንገደኞች ካንቶን ይሏት የነበረችው ጓንዡም ከእነርሱ ሩቅ አይደለችም። ሆንግ ኮንግ በ1989 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ማካውም በ1992 ዓ.ም. ከፖርቱጋል እጅ ወደ ቻይና ተመልሰዋል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የመግቢያ ሕጋቸውን፣ ጉምሩካቸውንና ገንዘባቸውን ለየብቻ ይዘዋል። በ2011 ዓ.ም. በባሕር ላይ ተዘርግቶ የተከፈተው 55 ኪሎ ሜትር ድልድይ ሆንግ ኮንግን፣ ጁሃይንና ማካውን አገናኝቷል፤ ድልድዩ አንድ ሲሆን በሩ ግን ሦስት ነው።

ከዚህ የተነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው የመግቢያ ፈቃድ ወይም ቪዛ ነው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ የቻይና ቪዛ የያዘ ሰው፣ ከጓንዡ ወይም ከሼንዠን ወደ ሆንግ ኮንግ ወይም ወደ ማካው ቢሻገር፣ ከቻይና እንደ ወጣ ይቈጠርበታል፤ አዲስ ቪዛ ካላወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም። የማውቀው አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሰንበት ቀን ጎረቤቲቱን ከተማ ልይ ብሎ ተሻገረ። ማታ ሲመለስ በሩ ተዘጋበት፤ አዲስ ፈቃድ እስኪያገኝም ድረስ ከተላከበት ትምህርት አምስት ቀን ጎደለ። ጥፋቱ የበረኛው አልነበረም፤ በቪዛው ላይ የመግቢያው ቍጥር አንድ ተብሎ ተጽፎ ነበርና። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ማየት የሚያስፈልገው ሰው፣ አዲስ አበባ ባለው የቻይና ኤምባሲ ሲያመለክት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቅ። ስለ ሆንግ ኮንግና ስለ ማካውም የመግቢያ ሕግ፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ አስቀድሞ ይረዳ።

ከቪዛው ጋር የሚሄዱ ሌሎች ወረቀቶችም አሉ። ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ አይረሳ። በፓስፖርት፣ በቪዛና በአይሮፕላን ቲኬት ላይ ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ የአያታችን ስም በእነርሱ ዘንድ እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጠር፣ አንዱ ወረቀት አያትን ጽፎ ሌላው ቢተው ጣጣ ያመጣል። ቀኑም የሚነበበው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው፤ 9ኛው ወር ሲባል ግንቦት ሳይሆን የእኛ መስከረም የሚገባበት ነው። በሮቤ ከጧቱ 1 ሰዓት ሲሆን በጓንዡ እኩለ ቀን ነው፤ ሰዓታቸውም 12 ይላል። በ9 ሰዓት ጧት የተቀጠረ ሰው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት መድረስ አለበት ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሮቤ ሳለ ያላስተካከለ ሰው፣ አንድ ወረቀት ቢጎድለው ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል።

ስለ ቀሪው ስንቅ በአጭሩ እንናገር። በቻይና ዩዋን፣ በሆንግ ኮንግ የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ በማካው ፓታካ ይሠራባቸዋል። በዋናው ቻይና ሕዝቡ የሚከፍለው በስልክ ስለ ሆነ፣ ዊቻትንና አሊፔይን ከመነሣት በፊት ማሰናዳት፣ ጥቂት የወረቀት ገንዘብም መያዝ ይገባል። ቴሌግራምና ጉግል በዋናው ቻይና በቀላሉ አይከፈቱም፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱና ቤተ ሰቡ በሌላ መንገድ የሚያገኙት መሆኑን አስቀድሞ ይነጋገር። የመብራት ሶኬቱም በሆንግ ኮንግና በማካው የእንግሊዝ ዐይነት፣ ባለ ሦስት ጥርስ ነው። በዋናው ቻይና መኪና እንደ እኛ በቀኝ ይነዳል፤ በሁለቱ ከተሞች ግን በግራ ነውና መንገድ ሲያቋርጡ ማስተዋል ነው። የሕዝቡ አነጋገር በብዛት ካንቶንኛ ሲሆን፣ የመንግሥቱ ቋንቋ ማንዳሪን በዋናው ቻይና ሁሉ ይሰማል። የማረፊያውን ቤት አድራሻ፣ የማይበላውንም ምግብ፣ የአሳማ ሥጋም ቢሆን ለጾመኛ ቅቤና ሥጋ፣ በቻይና ጽሕፈት አስጽፎ በኪሱ የያዘ ሰው አይቸገርም። ልብሱም ከሳነቴ ብርድ ጋር የለመደው ጋቢ ሳይሆን ቀላል ይሁን፤ የጓንዡ በጋ ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ከባድ ነውና።

አሁን ግን ቈም ብለን ልንናገረው የሚገባን ነገር ላይ ደርሰናል፤ ይኸውም በሻንጣው ውስጥ ስለሚከተተው ነገር ነው። ዘመድ «እዚያ ላለው ልጄ አድርስልኝ» ብሎ የሚሰጠውን ጥቅል ሳይፈቱ መቀበል አይገባም። ጫት በአገራችን በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም ቅሉ፣ በቻይና ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከሉት አደንዛዥ ዕፆች ጋር ተቈጥሯል፤ ይዞ የተገኘ ሰው የሚጠብቀው ወኅኒ ነው። ቋንጣና ቅቤ፣ እሸትና ፍራፍሬ፣ ዘርና አፈርም ያለ ፈቃድ ወደ ቻይና አይገቡም።

ዘርን በሚመለከት የእኛም ሕግ አለ። በአዋጅ ቍጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያን የስንዴ፣ የገብስ ወይም የሌላ እህል ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የባሌ ገብስ በሹም ኪስ ወጥቶ ባዕድ አገር ቢዘራ፣ አውጪው ስጦታ የሰጠ ይመስለዋል እንጂ፣ የገበሬውን ርስት ያለ ገበሬው ፈቃድ የሰጠ ነው።

ወደ አገር የሚገባው ግን ይልቅ ያስፈራል። የሲናና፣ የአጋርፋና የጎሮ ገበሬ የቢጫ ዋግንና የግንድ ዋግን ምንነት ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዘር አጥቅቶ ማሳውን ጥሎበታል። ዋግን የሚያዛምተው አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰውም ይሸከመዋል። በ1979 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ቢጫ ዋግ በአውስትራልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ሊቃውንቱ ያመኑት በአንድ መንገደኛ ልብስ ተሸክሞ ከአውሮጳ መጣ ብለው ነው። ነፋስን መከልከል አንችልም፤ ጫማችንን ማጠብ ግን እንችላለን። ስለዚህ በቻይና የእርሻ ማሳ የረገጠ ሠራተኛ፣ ከመመለሱ በፊት ጫማውን በሳሙና ይጠብ፣ የለበሰውንም ልብስ አጥቦ ይክተት። የወደደውንም ዘር በኪሱ አይያዝ። የዘሩን ስምና ያወጣውን መሥሪያ ቤት ጽፎ ለሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከል ይስጥ፤ ዘሩም በአስገቢ ፈቃድና በላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት፣ ተመርምሮ ይግባ። ደግሞስ ከጓንዡ ሩዝ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል አጠገብ የተነሣ ዘር፣ ከ2400 ሜትር በላይ ባለው በሮቤ ሜዳ ላይ ምን ሊሆን ነው?

ታዲያ ዘር ካልተያዘ ምን ይዞ ይምጣ? ጥያቄ ይዞ የሄደ መልስ ይዞ ይመለሳል። በባሌ ኮምባይነር ሲሰበር በመከር ሰዓት የገበሬው እህል ቆሞ ይቀራል፤ እንግዲያስ በጓንዡ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በየጸደዩና በየመጸው የሚቆመውን ትልቁን የንግድ ገበያ የሚያይ ሰው፣ የመሣሪያውን ውበት ከማድነቅ ይልቅ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ፣ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ ጠጋኙንም ማን እንደሚያስተምር ይጠይቅ።

ስለዚህ ለክቡራን የዞንና የወረዳ ግብርና ኃላፊዎች የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተጓዡ ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባው በጽሑፍ ሳያስረዳ የድጋፍ ደብዳቤ አይጻፍለት። ሁለተኛ፣ ከገበሬዎች ጋር ተመክሮ የተጻፈ ሦስት ጥያቄ ሳይዝ አይነሣ። ሦስተኛ፣ በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ መልሱን ለገበሬዎቹ በቃል፣ ለመሥሪያ ቤቱም በጽሑፍ ያቅርብ። ይህ ማስቸገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የመንገዱ ወጪ የወጣው ከግብር ነው፤ ግብሩንም ከከፈሉት አንዱ የባሌ ስንዴ አራሽ ነውና፣ እርሱ ሊጠይቀን የሚገባውን አስቀድመን ራሳችንን ብንጠይቅ ክብር እንጂ ውርደት አይሆንብንም።